የተነሣችው መስመር

ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፀሐይወርቅ ልጅ፣ በቤቴ ላደገችው ለቃልኪዳን፤ ክራኮው፣ ፖላንድ።

ውለሽ የምትገቢበትን ቤት ሰላም ያድርግልሽ፤ በሰው አገር የሰው ፊት አይንሳሽ። እኛ የቀረነው ደህና ነን፤ ስሙ ይመስገን።

ልጄን ቴዎን የቀበርን ዕለት ደውለሽ ነበር። እኔም አንቺም ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻልንም። ለዚህ ነው ወረቀት የያዝሁት። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ከደጃችን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው የጎረቤታችን ልጅ ዜማ በኢሜይል ትልክልኛለች። የአንቺንም አትማ ታመጣልኛለች።

የሆነውን ከሥሩ ላስረዳሽ። ሚያዝያ 21 ቀን የሀቢባ የጭነት ጀልባ ሽምብራ ጭኖ ደልጊ ቆሞ ነበር። ሀቢባ የወረታዋ እህል ነጋዴ ናት። ቴዎ ለጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ሥራ እዚያው ሄዶ ስለነበር ከካፒቴኑ ከአለበል ጋር ሊመለስ ተሳፈረ። የጻፈውን ፕሮግራም ታውቂዋለሽ፤ ነፋስ ሊነሣ ሲል ለየጀልባው ስልክ ማስጠንቀቂያ የሚልከው ነው። ሀቢባ ከዳር ሆና የሰማችውን እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

አለበል «ይህን ሰማይ አልወደድሁትም፤ እንደር» አለ።

«ጋሽ አለበል፣ ስልኩ ዝም ብሏል እኮ» አለው ቴዎ።

«ስልክህ ነፋስ ያሸታል?»

«ከአንተ አፍንጫ ይሻላል!»

ተሳሳቁና ተነሡ። በዚያው ሰዓት ጎርጎራ የቆመው የመንገደኞች ጀልባ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሳይነሣ ቀረ። ለእነ አለበል አልደረሳቸውም፤ ነፋሱ መሐል ሐይቅ ላይ ገለበጣቸው። ቴዎ በማግስቱ፣ አለበል በሦስተኛው ቀን ተገኙ። የጀልባው ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቴዎ ኪስ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከፍተን አየነው፤ የዚያን ዕለት መልእክት የለበትም።

አለበል ሚስቱን መሲንና ሁለት ሕፃናት ትቷል። ወገኖቹ «የልጅህ ማሽን ነው የገደለብን» ይላሉ። ሽማግሌዎች ለሐምሌ 6 ቀን ቀጥረውናል። ያን ቀን ቆሜ የምናገረው እውነት እፈልጋለሁ። ጥፋቱ የልጄ ከሆነ የልጄ ነው እላለሁ። ካልሆነ ግን በሙት ስም ውሸት አልሸከምም። ዜማ የፕሮግራሙን ፋይል ከዚህ ጋር ልካልሻለች። ለአንቺ ክፍት መጽሐፍ ነውና አንብበሽ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም የያዝሁት መዝገብ አራት ዓምድ ነበረው፦ ቀን፣ ምን ተነካ፣ ያዘዘው፣ የሠራው። ቴዎንም አስለምጄው ነበር፤ ለኮምፒውተሩም እንዲያ ያለ ደብተር ነበረው። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ከፈለግሽው ዜማ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች።

አጎትሽ አገኘሁ

---

ክራኮው
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አገኘሁ፤

እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎ። ጉልበትዎን እስማለሁ። የእኔ ጤና ደህና ነው፤ ስለ ጤና መጻፍም ያሳፍረኛል።

ደብዳቤዎ ወዲያው ነው የደረሰኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፋይሉንም ገና አልከፈትኩትም፤ በዚህ ሳምንት ግን አየዋለሁ። እስኪጣራ ድረስ የጭነት ጀልባ ካፒቴኖች በመልእክቱ እንዳይተማመኑ ለማኅበሩ ይንገሩልኝ። እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

የቴዎን ፎቶ ይላኩልኝ፤ በስልኬ ያለው ሁሉ የልጅነቱ ነው። ደግሞ ልጠይቅዎ፤ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስለ እኔ የሚናገረው ነገር ነበር? ምን ይል ነበር?

ልጅዎ ቃልኪዳን

---

ሰባታሚት
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃልኪዳን፤

ከሩቅ ሆነሽ የምታስቢንን ያህል እርሱም አንቺን ያስብሽ። አርባው አልፏል። ቀሳውስቱም ጎረቤቱም ሳይጎድል ወጣልን።

ስለ ጭነት ጀልባዎቹ ያልሽኝን በዚያው ቀን ለማኅበሩ ነገርሁ። ካፒቴኖቹ ወደ ድሮው ተመልሰዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፣ ከቀትር በፊት ይገባሉ። ፎቶውን ዜማ ልካለች። በሚያዝያ፣ በትንሣኤ ማግስት የተነሣው ነው። ሸሚዙ የእኔ ነው፤ ሳያስፈቅደኝ ነው የለበሰው።

ስለ እኔ ምን ይል ነበር ብለሻል። ምን የማይለው አለ? እኔ አንድ ነገር ሳዝዘው ሦስት ጊዜ ይከራከረኛል። «እቴ ቃል እንዲህ ብላለች» ካለ ግን በቃ፣ ነገሩ አለቀ። አንድ ቀን ተናድጄ «አባትህን እንዲህ ብትሰማ ኖሮ ጳጳስ ትሆን ነበር» አልሁት። «አባዬ፣ አንተ ያስተማርከኝ ሞተር ነው፣ እሷ ያስተማረችኝ ማሰብ ነው» ብሎ ሣቀብኝ። እውነቱን ነው። ፊደል ያስቆጠርሽውም፣ ኮምፒውተር ያስከፈትሽውም አንቺ ነሽ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ የማስታውሰውን ልጻፍልሽ፤ ምናልባት ይረዳሽ ይሆናል። መጋቢት ላይ ሰውም ጭነትም የሚይዙት ቅይጥ ጀልባዎች መልእክቱ ሁለት ሁለቴ ይመጣባቸው ነበር። ካፒቴን ይትባረክ በደጃችን ሲያልፍ «ቴዎ! ነፋሱ መንታ ነው እንዴ የሚወለደው?» እያለ ያበሽቀው ነበር። ልጁ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ አንድ ቀን አስተካከለው፤ ሁለቴ መምጣቱም ቀረ።

ሐምሌ 6 ቅርብ ነው። ደብተሩን ከፈለግሽው እዚህ አለ።

አጎትሽ አገኘሁ

---

ክራኮው
ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አገኘሁ፤

በዚህ ሐዘን የሚያበረታዎ አምላክ አይራቅዎ። ፎቶውን አሳትሜ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሸሚዙን አውቄዋለሁ።

ፋይሉን አየሁት፤ ስሕተቱን አግኝቼዋለሁ። በተቻለኝ ቀለል አድርጌ ልጻፍልዎ።

ቴዎ መጀመሪያ የጻፈው «ጀልባ» የሚል ክላስ ነው። ክላስ ማለት ንድፍ ነው፤ ማንኛውም ጀልባ ምን ምን እንደሚኖረው ይናገራል። በውስጡ ማስጀመሪያ የሚባል ክፍል አለ። አንድ ጀልባ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው፤ የጀልባውን ስምና ስልክ ይቀበልና ማስጠንቀቂያ በሚላክላቸው ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ከዚህ ወላጅ ክላስ ሥር ሁለት ልጅ ክላሶች አሉ፤ አንዱ የመንገደኛ፣ ሌላው የጭነት ጀልባ። ልጆቹ የየራሳቸው ማስጀመሪያ አላቸው፤ የመንገደኛው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ይጽፋል።

ልጁ የራሱ ማስጀመሪያ ካለው የወላጁ በራሱ አይሠራም። ልጁ «መጀመሪያ የወላጄን ሥሩ» ብሎ መጥራት አለበት። ጎጆ የሚወጣ ልጅ አስቀድሞ የወላጁን ጉልበት ስሞ እንደሚወጣው ነው። ይህ ጥሪ አንዲት መስመር ናት። በመንገደኛው ክላስ ውስጥ አለች። በጭነቱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የሀቢባ ጀልባ በኮምፒውተሩ ውስጥ ተፈጥሯል፣ ኩንታል አለው፣ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ፕሮግራሙም ምንም ሳያጉረመርም ይሠራል። ክፋቱ ይህ ነው፤ ድምፅ የለውም።

መስመሯ ከመጀመሪያው ያልተጻፈች ትሁን በኋላ የጠፋች ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። ለሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግዎትም። «የማሽን ስሕተት ነው፤ የማንም አይደለም» ማለት በቂ ይመስለኛል።

ቃልኪዳን

---

ሰባታሚት
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃልኪዳን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ገብቶኛል። ግን ልጄ፣ ሞተር ራሱን አይፈታም። አንዲት ብሎን ከቦታዋ ከሌለች ወይ የረሳት ሰው አለ፣ ወይ የፈታት ሰው አለ። ስለዚህ የማንም አይደለም ለማለት አንደበቴ አልታዘዘልኝም።

የይቅርታውን ድንጋይ ከሐይቁ ዳር መረጥሁት፤ ጥቁር ነው፣ በአንድ እጅ የማይነሣ። ነጠላዬን አጣፍቼ በጫንቃዬ ተሸክሜው ወደ ዋርካው ሄድሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ የአለበል ወንድም ሀዲስ ቆሟል፤ መሲ ሕፃኑን አዝላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሀቢባም ከወረታ መጥታ ነበር። «የእኔ የጠፋው እንጨትና ሽምብራ ነው፤ እኔን ከተበዳይ አትቁጠሩኝ» ብላ ከመሲ ጎን ተቀመጠች።

ተንበርክኬ «ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር ጎድላለች፤ ጥፋቱ የልጄ ነው። ስለ እርሱ ይቅር በሉኝ» አልሁ።

ሀዲስ ዝም አላለም። «አንድ ነገር ንገረኝ አባቴ፤ ልጅህ ያቺን መስመር ረስቷት ነው ወይስ ነክቷት?»

ድንጋዩ አንገቴ ላይ ነበር። በሁለት እጄ ደገፍሁት። ከዚያ «ረስቷት ነው» አልሁ።

ቴዎ ነገር የሚረሳ ልጅ እንዳልነበረ አንቺም ታውቂያለሽ።

መሲ ተነሣች። ሽማግሌ እስኪያዛት አልጠበቀችም፤ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችው። «ያንተም ልጅ አብሮ ቀርቷል። ማንን ልክሰስ? ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ» አለች። ሕፃኑ አለቀሰ። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልሁም።

ያልጠየቅሽኝ አንድ ነገር አለ፤ ደብተሩን። ሦስተኛ ጊዜ አላስታውስሽም።

አገኘሁ

---

ክራኮው
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ዘመኑን የሐዘን ማብቂያ ያድርግልዎ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ለእኔ የሚገባ ምርቃት ሆኖ አላገኘሁትም። ሁለት ወር ከግማሽ ዝም ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ በዜማ በኩል አልላክኩትም። ምናሴ የሚባል የእንፍራንዝ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገር ይገባል፤ በእጁ ያደርስልዎታል። ብቻዎን ያንብቡት።

መስመሯን ቴዎ አልረሳትም። አስቀድሞ በትክክል ጽፏት ነበር። እንዲያነሣት ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 12 ቀን ማለዳ ደወለልኝ። ወደ ሥራ ስሄድ ትራም ውስጥ ነበርኩ። «እቴ፣ ቅይጡ ጀልባ ላይ መልእክት ሁለቴ ይሄዳል፣ ካፒቴኖቹ መሣቂያ አደረጉኝ» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ታየኝ። ቅይጡ ጀልባ ሁለት ወላጆች አሉት፤ መንገደኛውና ጭነቱ። ሁለቱም አንድ ወላጅ አላቸው፤ እሱ የቅይጡ አያት ነው። ሁለቱም ወላጃቸውን በስም ሲጠሩ ጀልባው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መድኃኒቱ እያንዳንዱ ክላስ ወላጁን በስም ሳይሆን «በተራ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን» ብሎ እንዲጠራ ማድረግ ነው። እንዲያ ሲሆን ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ተራውን ራሱ ይጠብቃል፤ አያቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃኝ ነበር።

እኔ ግን «ከጭነቱ ላይ የወላጁን ጥሪ አንሣው፤ የመንገደኛው ይበቃል» አልኩት።

ከዚያ «ጭነት ብቻ የሆነው ጀልባስ፣ እቴ?» አለኝ።

ሰምቼዋለሁ፣ አጎቴ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን እሱ ጠየቀኝ። በሩ ሲከፈት ነበርና «አንሣው አልኩህ እኮ፣ ወረድኩ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ልደውልለት አስቤ ነበር። በማግስቱም አስቤ ነበር። በኋላ ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ።

መሞቱን በስልክ የነገሩኝ ዕለት፣ ጀልባው የጭነት ነበር ሲሉኝ፣ ሁሉም ገባኝ። ፋይሉን ገና አልከፈትኩትም ያልኩዎት ውሸት ነው፤ በደረሰኝ ደቂቃ ከፍቼዋለሁ። ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም ያልኩዎትም ውሸት ነው። ደብተሩን ያልጠየቅኩት ምን እንደተጻፈበት ስለማውቅ ነው።

ፕሮግራሙን በትክክል አስተካክዬ ፋይሉን ለብቻው ለዜማ ልኬላታለሁ። እርስዎ ካላዘዙ እንዳትጭነው ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ ያለ እርስዎ ፈቃድ አንዲት መስመር አልነካም።

በጥር ፈቃድ አለኝ። ልምጣ? አትምጪ ካሉኝም እሰማለሁ። አንዴ እንኳ ልስማ።

ቃልኪዳን

---

ሰባታሚት
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቃልኪዳን፤

ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን፤ ከጎንሽም መልአኩ አይለይሽ።

ልጁ ምናሴ ደብዳቤውን በእጄ ሰጥቶኝ ሄደ። ብቻዬን አነበብሁት። አሁን የእኔን ስሚ።

ደብተሩን ያነበብሁት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነው። የቴዎን ልብስ ስናጥፍ ከትራሱ ሥር አገኘሁት። እንዲህ ይላል፤ በእጁ እንደጻፈው እገለብጥልሻለሁ።

«መጋቢት 12። ከጭነት ጀልባ ላይ የወላጁ ጥሪ ተነሣ። ያዘዘችው፦ እቴ ቃል። የሠራው፦ ቴዎ። ጥያቄ፦ ጭነት ብቻ የሆነውስ? እቴ ታውቃለች።»

እቴ ታውቃለች። ከዚህ በታች ምንም የለም፤ ቀሪው ገጽ ነጭ ነው።

አልተቆጣሁም ብልሽ ውሸት ነው። ግንቦት ሙሉ በቁጣ ነበርሁ። የዚያን ገጽ ፎቶ ዜማ በዚያው ቀን ልትልክልሽ ትችል ነበር። አልላክሁትም። ብልክልሽ ተከሰስሁ ትያለሽ፤ ራስሽን ለማዳን ትጽፊያለሽ፤ እኔም ከሁለቱ ልጆቼ የቀረችኝን በዚያ አጣታለሁ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ልጠብቅ አልሁ። በመጀመሪያው መልስሽ ፋይሉን አልከፈትሁትም እያልሽ «የጭነት ጀልባ ካፒቴኖች ይጠንቀቁ» አልሽኝ። እኔ ሞተር እንጂ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ሰው ሲፈራ ግን አውቃለሁ። ደግሞም እየፈራሽ ለካፒቴኖቹ አሰብሽ። በዚያች ቃል ተስፋዬ አልሞተም።

ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በሙት ስም ውሸት አልሸከምም ብዬ ጽፌልሽ አልነበር? ሀዲስ ሲጠይቀኝ «ረስቷት ነው» አልሁ። ጠይቆ፣ ታዝዞ፣ ጽፎ የሞተውን ልጅ ረሳ አልሁት። አንቺን ለመሸፈን በእርሱ ላይ ዋሸሁበት። መሲ ድንጋዩን ከጫንቃዬ ስታወርደው ማልቀስ ያቃተኝ ለዚህ ነው፤ የወረደልኝ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ልምጣ ወይ ለምትዪው፣ ነይ። ድንጋዩን አልጣልሁትም። ወደ ቤት ተሸክሜ መልሼው ከደጃችን ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ መቀመጫ ይመስለዋል። ለሽማግሌዎቹ ይትባረክን ልኬ በጥር እንዲቀመጡልን ለምኛለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ የአንቺን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ የእኔን እኔ። ይቅር ይሉን እንደሆነ አላውቅም። አንዴ ብለዋል፤ ሁለተኛ ማለት ይከብዳል። ከባድም ቢሆን ድንጋዩን እየተቀባበልን እንሸከመዋለን። የቴዎ ስም ግን በዚያ ዋርካ ሥር ይስተካከላል።

አሁን ስለ ሥራው። ዜማ ያስተካከልሽውን ከትናንት በስቲያ በማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው፤ አዝዣታለሁ። ደብተሩንም ከነጩ ገጽ ላይ እኔ ቀጠልሁት፦ «ጥቅምት 17። የወላጁ ጥሪ ለሁሉም ተመለሰ። ያዘዘው፦ አገኘሁ። የሠራችው፦ ቃልኪዳን።»

የሀቢባን ጀልባ ቁጥር ከመዝገብ አልሰረዙትም ነበር። በእርሱ እንዲሞክሩ ጠየቅኋቸው። ከቴዎ ኪስ የወጣውን ስልክ ከላስቲኩ አውጥቼ ኃይል ሞላሁት፤ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። «ደልጊ። ነፋስ ይነሣል። አትነሡ» ይላል።

ሁለተኛ ይጮህ እንደሆነ ብዬ እስከ ቀትር አልተነሣሁም። አልጮኸም። አንድ ጊዜ ብቻ መጣ።

አጎትሽ አገኘሁ